ቁጠርልኝ

በአማርኛ «መቁጠር» የሚለውን ያህል ብዙ ሙያ የተሸከመ ግስ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሕፃን ፊደል ይቆጥራል፤ መነኩሴ መቁጠሪያውን ይቆጥራል፤ እስረኛ ቀን ይቆጥራል፤ እኔና ባልደረቦቼ ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጠን የሰው ገንዘብ እንቆጥራለን። የቅኔ ተማሪ ደግሞ ቅኔ ይቆጥራል። ከጓደኞቹ ፈንጠር ብሎ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ሰሙን ከወርቁ ሲያዋድድ፣ ቤቱን ሲለካ፣ ያልሰመረለትን ሲያፈርስና እንደገና ሲያቆም ይውላል። ይህ ቆጠራ ይባላል። መምህሩ ፊት ቀርቦ ያንን ሲያሰማ ደግሞ ነገራ ይባላል፤ መምህሩም የተሰበረውን ያቃናሉ፣ የማይቃናውን ይመልሳሉ። እንግዲህ በእኛ አገር ቁጥርና ግጥም እንደምናስበው ባዕዳን አልነበሩም ማለት ነው። (ባልደረቦቼ «ባንክና ግጥም ምን አገናኛቸው?» እያሉ ለሚያሾፉብኝ የማቀርበው መከላከያ ይኸው ብቻ ነው።)

ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት ግን ስለ ቅኔም ስለ ባንክም አይደለም፤ ስለ ሹራብ ነው። ሹራብ ሠሪም ትቆጥራለችና። ይልቁንም ቆጠራው ሲሳሳት ስለሚመጣው ነገር፣ ስለ መተርተር ነው።

ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ስለ ሹራብ ቢያወራ የሚስቅበት አይኖርም። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገቡ ሌሊቱ ውርጭ፣ ማለዳው ጭስ የመሰለ ትንፋሽ ነው። የመንዝ ሰው ከገዛ በጉ ጠጉር ባና ሲሠራ የኖረው፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካውም እዚያው የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። እናቴ ሹራብ መሥራት የተማረችው በ1960ዎቹ፣ ሰባተኛ ክፍል ሳለች፣ በባልትና ትምህርት ነው። መርፌ መግዛት ያልቻሉት ልጆች የብስክሌት ጎማ ሽቦ በድንጋይ ስለው ይመጡ እንደነበር ታወራለች። እርሷም ከእነዚያ አንዷ እንደነበረች የምገምተው ሁለት እንዲህ ያሉ ሽቦዎች እስከ ዛሬ በሣጥኗ ስላሉ ነው።

በኋላ ያ ትምህርት እንጀራችን ሆነ። በየዓመቱ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ቤታችን በጥቁር ሰማያዊ ክር ይሞላ ነበር፤ የተማሪ ቤት ሹራብ ነበረ። እኔና እኅቴ ደብተርና ጫማ ያገኘነው ከዚያ ነው። ከውጭ አገር የሚመጣው የፋብሪካ ሹራብና ልባሹ ገበያውን እስኪወስዱት ድረስ፣ በእናቴ መርፌ ያለፈ ልጅ በሰፈራችን ብዙ ነበር።

ሹራብ ሲሠራ ያላየ አንባቢ ቢኖር ነገሩ እንዲህ ነው። በአንዱ መርፌ ላይ የክር ቀለበቶች በረድፍ ይደረደራሉ። በሌላው መርፌ በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ክሩ እየተሳበ አዲስ ቀለበት ይወጣል፤ አሮጌው ወደ ታች ይወርዳል። ረድፉ ሲያልቅ ሥራው ይገለበጥና ሌላ ረድፍ ይጀመራል። ሹራብ ማለት በሙሉ ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ ቀለበት ከሥሩ ያለውን ይዞ፣ ከላዩ ባለው ተይዞ ይቆማል። ሽማኔ ድርና ማግ የሚባሉ ሁለት ወገኖች አሉት፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዝለታል። ሹራብ ግን አንድ ክር ነው። የመጨረሻውን ጫፍ ያገኘ ሰው እስከ መጀመሪያው ድረስ ሊስበው ይችላል። ድክመቱም ጸጋውም ይኼ ነው።

ስለዚህ ስህተት ሲገኝ እናቴ መጀመሪያ የምታደርገው ነገር ምንም አለማድረግ ነው። ሥራውን ጭኗ ላይ ዘርግታ ዝም ብላ ታየዋለች። ስህተቱ ገና በያዘችው ረድፍ ላይ ከሆነ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ትመልሳለች። ከታች ሆኖ አንድ ቀለበት ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ ፊቱ ጀርባ ሆኖ ቢሠራ፣ ሌላውን ሳትነካ ያችን አንዷን ትለቃታለች። ቀለበቷ እንደ መሰላል እየተፈታች እስከ ስህተቱ ትወርዳለች፤ እናቴም በኪሮሽ ደረጃ በደረጃ መልሳ ታወጣታለች። ይህንን ሳይ ጉድጓድ የገባ ሰው በገመድ ሲወጣ ያየሁ ይመስለኝ ነበር። ቁጥሩ ወይም ልኩ ከሥር የተበላሸ ከሆነ ግን መርፌውን ትነቅለዋለች።

ያ መርፌ የመንቀል ቅጽበት በልጅነቴ ያስፈራኝ ነበር። ሁሉም ቀለበቶች ዐይናቸውን ከፍተው ያለ ምንም ድጋፍ ይቆማሉ። ከዚያ ክሩን ትስበዋለች፤ ትርርር ይላል። «መተርተር» የሚለው ቃል ከድምፁ የመጣ ይመስለኛል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሹራብ ሠሪዎችም ይህንኑ ሥራ በእንቁራሪት ስም ይጠሩታል፤ «ተርትረው» የሚለው ቃላቸው ሲደጋገም እንደ እንቁራሪት ጩኸት ስለሚሰማ ነው አሉ። የቋንቋ ሰዎች ቢያርሙኝ ደስ ይለኛል፤ ለአሁኑ ግን እኛም እነርሱም ይህን ነገር የሰየምነው በጆሯችን ነው ብዬ ልለፍ።

የሦስት ቀን ሥራ በሦስት ደቂቃ ያልቃል። የቀረው ክር ደግሞ ቀጥ ያለ ክር አይደለም። እንደ ተፈታ ሹሩባ የተኮማተረ ነው፤ የነበረበትን ቅርጽ አይረሳም። እናቴ በቀለበት አስራ ለብ ባለ ውኃ ታጥበዋለች፤ ከዚያ ከታቹ የጓንጉል ቁልፍ አንጠልጥላበት ጥላ ሥር ትሰቅለዋለች። የሱፍ ክር ከሆነ ይታዘዛል። ሰው ሠራሹ ክር ግን አመሉን ቶሎ አይተውም፤ እንደገና ሲሠራ ላዩ ይጎረብጣል።

በቤታችን የሚተረተረው የተሳሳተ ሹራብ ብቻም አልነበረም። ያረጀም ይተረተራል። የአባቴ ቡናማ ሹራብ ክርኑ ሲያልቅ ለእኅቴ ሹራብ ሆነ፤ እኅቴ ስታድግበት ለእኔ ኮፍያና የእጅ ሹራብ ሆነ። እናቴ ከልባሽ ገበያ ትልልቅ የሱፍ ሹራቦችን የምትገዛው ለመልበስ ሳይሆን ለክራቸው ነበር። ስፌቱን በምላጭ ፈታ ጫፉን ስታገኝ፣ እኔ ሁለት እጄን ዘርግቼ ፊቷ እቆማለሁ፤ እርሷ ክሩን በእጆቼ ላይ ትጠመጥማለች። ማን እንደለበሰው የማናውቀው፣ ከየት አገር እንደመጣ የማናውቀው ሹራብ፣ እጄ ላይ ክር ሆኖ ያርፋል። ክንዴ ሲዝል ዝቅ ካደረግሁ «ቀና አድርግ!» ትለኛለች።

ባንክ ስገባ መጀመሪያ የተማርኩት ነገር የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። በባንክ ምንም ነገር አይተረተርም። በሰነድ ላይ የተሳሳተ ቁጥር በላጲስም በነጭ ቀለምም አይጠፋም፤ ከሥሩ እንዲነበብ ሆኖ አንድ መስመር ይሰመርበታል፣ ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል፣ ያረመው ሰው ይፈርምበታል። በኮምፒዩተሩም ያው ነው፤ ያለ ቦታው የገባ ሒሳብ አይሰረዝም፣ ተቃራኒው ይመዘገብና ሁለቱ እየተያዩ ይኖራሉ። ነገሩ የቆየ ነው። ጣሊያናዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ላይ ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ስለ መዝገብ አያያዝ ሲጽፍ፣ ያለ ቦታው የተጻፈ ሒሳብ እንዴት እንደሚመለስ ለብቻው ምዕራፍ ሰጥቶታል። መዝገብ አይረሳም። ሹራብ ግን ፈጽሞ ይረሳል፤ ያለቀለትን ሹራብ አገላብጦ «ይህ ስንት ጊዜ ተተረተረ?» ብሎ ሊያውቅ የሚችል ኦዲተር የለም።

የትኛው ይሻላል? እኔ ለሰው ገንዘብ የመዝገቡን፣ ለሰው ድካም የሹራቡን ሥርዓት እመርጣለሁ። በሁለቱ መካከል ግን አንድ የሚጋሩት ብልሃት አለ። እናቴ በየዐሥር ረድፉ በቀለበቶቹ ሁሉ ውስጥ ቀይ ቀጭን ክር ታሳልፋለች። ከዚያ በላይ ስህተት ቢገኝ ትርታሪው ቀዩ ክር ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ከሥሩ ያለው አይነካም። እኛም በየማታው ሒሳብ ዘግተን፣ ገንዘቡ ከመዝገቡ ጋር ልክ መሆኑን ሳናረጋግጥ ወደ ቤት አንሄድም። ብሩ በተቀየረበት በ2013 ዓ.ም. መስከረምና ጥቅምት ላይ ስንት ማታ አምሽተን አሮጌውን ኖት መቶ መቶ እያሰርን እንደቆጠርን የባንክ ሰው ያውቀዋል። ድካም ቢሆንም፣ የዛሬ ስህተት የትናንቱን እንዳይነካ ያ ቀይ ክር ነበረ።

በአንድ ወቅት ስለ እናቴ ሥራ ሁለት ስንኝ ጽፌ አነበብሁላት።

ተርትሬ ሠራሁት፣ ሠርቼ ተረተርሁ፤
ከክሩ ምን ጠፋ፣ እኔው አረጀሁ።

ጥቂት አሰበችና «ክሩም ያረጃል እንጂ» አለችኝ። ሦስት ጊዜ የተተረተረ ክር እየሳሳ፣ ጠጉሩ እየተነቀለ እንደሚሄድ አስረዳችኝ። ለማጽናናት ይሁን ለመከራከር፣ የሆሜርን ጴኔሎፔን ታሪክ ነገርኳት፤ ባሏ ከጦርነት ሳይመለስ ሲቀር፣ ሊያገቧት የከበቧትን ወንዶች «የአማቴን መግነዝ ሠርቼ ልጨርስ» እያለች፣ ቀን የሠራችውን ሌሊት እየፈታች ሦስት ዓመት እንዳቆየቻቸው። እናቴ በብልሃቷም በታማኝነቷም አልተደነቀችም። «ሦስት ዓመት! ክሩ እንዴት ቻለላት?» አለች። ሁለቱን ስንኞች እስከ ዛሬ አልተረተርኋቸውም፤ ግን ባነበብኋቸው ቁጥር ያ ጥያቄ ይመጣብኛል።

አሁን ወደ ዐይኗ ልምጣ።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ እኅቴ የመጀመሪያ ልጇን ጸንሳ ነበር፤ ሆዷ ሲገፋ ልትታረስ ወደ እናታችን ቤት መጣች። እናቴም ለሚወለደው ልጅ ሹራብ ጀመረች። በዚያን ጊዜ ሁለቱንም ዐይኖቿን ሞራ እየጋረዳቸው ነበር። ሐኪም አይቷታል፤ ቀዶ ሕክምናው ተራ የሚጠበቅበት ነበረና ወራት ቀርተውታል። እርሷ ግን ስለ ዐይኗ አታወራም። መርፌውን ወደ መስኮቱ ትጠጋለች፣ ከዚያ ወደ አምፖሉ ትጠጋለች፣ በመጨረሻ ዐይኗን ጨፍና በጣቷ ትሠራለች። ጣቷ ሁሉን ያውቃል፤ አንድ ነገር ብቻ አይችልም፤ መቁጠር። ሁለት ቀለበቶች ሲጣበቁ እንደ አንድ ይዳሰሳሉና።

አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ ጠራችኝ። «አንተ ገንዘብ ቆጣሪ አይደለህ? ና ቁጠርልኝ» አለችኝ።

72 መሆን ነበረበት። የታችኛው ጠርዝ ሁለት በፊት፣ ሁለት በጀርባ እየሆነ የሚሄድ ነውና አራት አራት አድርጌ ቆጠርሁ፤ 18 ጊዜ ሊሞላ ሲገባው በመጨረሻው ላይ ሦስት ቀረ። ደግሜ ቆጠርሁ። 71። ሥራው 40 ረድፍ ደርሶ ነበር። ስህተቱን ፈልጌ አገኘሁት፤ ከታች ስምንተኛው ረድፍ አካባቢ ሁለት ቀለበቶች አብረው ተሠርተው አንድ ሆነዋል። ከመጀመሪያው ቀይ ክርም በታች ነው። እንደነገርኳችሁ ይህ በመሰላል የሚወጣ ዓይነት አይደለም። አሁን ባለችበት ረድፍ ላይ አንድ ቀለበት ጨምሮ ማለፍ ይቻላል፤ መስመሩ ግን ይዛነፋል።

ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተርትራዋለች። ፊቷን አየሁት፤ ዐይኗ ከድካም ብዛት ያነባል። «ስንት ነው?» አለችኝ። እኅቴ ከበስተኋላዋ ቆማ በከንፈሯ «ሰባ ሁለት በል» አለችኝ።

«71» አልሁ።

እናቴ ምንም አልተናገረችም። ሥራውን ጭኗ ላይ ዘረጋችው፣ በመዳፏ አለሰለሰችው፣ መርፌውን ነቀለችው። ከ2,800 በላይ ቀለበት ነበረ፤ እኔ እንደ ሙያዬ በልቤ አባዝቼዋለሁ።

እኅቴ እጄን ይዛ ወደ በረንዳው አወጣችኝ። እንዲህ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም። «ምን አለበት 72 ነው ብትላት? ለሕፃን እኮ ነው! ሕፃን ይቆጥራል? ዛሬስ እጇ የሚንቀጠቀጠውን አላየህም? አንድ ጊዜ ደግሞ ከተረተረች በቃኝ ትላለች፤ ያን ቀን መርፌ ካስቀመጠች አታነሣውም» አለችኝ። ይህ ባዶ ፍርሃት አልነበረም። የሰፈራችን ሴቶች ሥራ ሲያቆሙ እንዴት በአንድ ክረምት እንደሚያረጁ አይተናል። እኔም መልስ አልነበረኝም። እውነት ተናገርሁ ማለት መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በመስኮታችን ለሚመጣ ደንበኛ የማይደበቅ ነገር ለእናት ሊደበቅ የሚገባበት ጊዜ አለ ብለው የሚያምኑ ደግ ሰዎች አሉ፤ እኅቴ ከእነርሱ አንዷ ናት፤ እኔ ደግሞ እኅቴ ደግ አይደለችም ልል አልችልም።

መልሱ የመጣው ከውስጥ ነው። የእናቴ ዐይን እንጂ ጆሮዋ ሞራ አልያዘውም። «ተይው አንቺ» አለች፤ «ዛሬ ከዋሸኝ ነገ ማንን አስቆጥራለሁ?»

ከዚያ ማታ ጀምሮ ማታ ማታ መቁጠር ሥራዬ ሆነ። ቀዩንም ክር በየዐሥሩ ቀርቶ በየአምስቱ ረድፍ ማሳለፍ ጀመረች። አንዳንድ ቀን 72፣ አንዳንድ ቀን 73 ይሆናል፤ ትተረትራለች፣ ቀዩ ክር ጋ ስትደርስ ትቆማለች፣ ትቀጥላለች። ጥር ላይ ልጅቱ ተወለደች፤ ሹራቡ ገና እጅጌ አልነበረውም። ወንድ ቢሆን ኖሮ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ባልደረሰ ነበር። ሴት በመሆኗ ሰማንያ ቀን ተሰጠን፤ በሰባ ዘጠነኛው ቀን አለቀ።

በክርስትናው ዕለት እንግዶቹ ሹራቡን እየተቀባበሉ አደነቁ። «ከታች ነጭ፣ ከላይ ወተት መልክ! እንዴት አድርገሽ ብታዋሕጂው ነው!» ይሏታል። እናቴ ፈገግ እያለች «ይመስገን» ትላለች። እኛም የቀለሙ ነገር ሆን ተብሎ የተደረገ መስሎን ነበር፤ እንዲያውም እኔ ለልጅ የሚሆን ጥሩ ምርጫ ነው ብዬ በልቤ አድንቄዋለሁ።

ቀዶ ሕክምናው ሰኔ ላይ ደረሰ፤ ባንክ ዓመታዊ ሒሳብ በሚዘጋበት ወር ስለነበር ግማሽ ቀን ፈቃድ ለምኜ ነው የወሰድኋት። ነገሩ ከፈራነው እጅግ አጭር ነበር። ዐይኗ ብቻ ደነዘዘ፤ የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ገባ። በማግሥቱ ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ያየችው የነርሷን ሰማያዊ ልብስ ነው፤ «ሰማያዊ እንዲህ ነበር እንዴ?» አለች። ሐኪሙ እንዳስረዳን ሞራ ዐይንን እንደ ቢጫ መስተዋት ስለሚሸፍን፣ ሰማያዊ እየደበዘዘ፣ ነጭና ወተት መልክ እየተመሳሰሉ ይሄዳሉ።

ቤት ስንደርስ ልጅቱን ተቀበለች። ሹራቡን አየች። ወደ ብርሃኑ ይዛት ሄደችና እንደገና አየች።

ሁለተኛውን ጥቅል ክር ብቻዋን ሄዳ ነበር የገዛችው። ነጭ መስሏት ነበር።

«ለካ ለዚህ ነበር ያ ሁሉ ሰው ያመሰገነኝ!» አለችና ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ጫፉን መፈለግ ጀመረች። እኅቴ ልጇን ነጥቃት ወደ ጓዳ ገባች። ሹራቡን አውልቃ፣ አጣጥፋ፣ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት፤ ቁልፉን እስከ ዛሬ አልሰጠችም። እንደ እውነቱ እጅጌውም አጥሮ ነበር።

ዘንድሮ ብርዱ ሲጀምር እናቴ ገንዘብ ሰጠችኝና ክር እንድገዛ አዘዘችኝ። ከበር ስወጣ መልሳ ጠራችኝ። «ሁለቱንም ግዛ፤ ነጩንም ወተት መልኩንም» አለችኝ። በ96 ቀለበት ጀምራለች፤ ራሷ ትቆጥራለች። ትናንት ማታ 23ኛው ረድፍ ላይ ተረተረችው። ምክንያቱን አልነገረችኝም።